ስልኬ በሌለበት ሌሊት፦ አስፈላጊ ፋይሎችን ለትዳር አጋር የማስቀመጫ መንገዶች ሲነጻጸሩ

ባለፈው ክረምት አንድ ሌሊት ትርፍ አንጀቴ ተነሥቶብኝ ሆስፒታል ስገባ፣ የቤታችንን ሰነዶች በሚገባ አስቀምጫለሁ ብዬ የማምን ሰው ነበርኩ። የቤቱ ካርታ፣ የመኪናው ሊብሬ፣ የጋብቻና የልጆቻችን የልደት ምስክር ወረቀቶች፣ የኢንሹራንስ ውሎች፣ ሁሉም ስካን ተደርገው ጉግል ድራይቭ ላይ በየፎልደራቸው ተቀምጠው ነበር። የይለፍ ቃሉንም በዕድር ደብተራችን የመጨረሻ ገጽ ላይ ጽፌው ስለነበር ባለቤቴ ታውቀዋለች። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ገንዘብ ተቀባዩ የጤና ኢንሹራንሱን የአባልነት ቁጥር ሲጠይቃት፣ በራሷ ስልክ የእኔን ኢሜይልና የይለፍ ቃል አስገባች። ስክሪኑ ግን የገባሁት እኔ መሆኔን በእኔ ስልክ ላይ እንዳረጋግጥ ጠየቀ። ስልኬ ከልብሶቼ ጋር በፌስታል ታስሮ እቅፏ ውስጥ ነበር፤ ባትሪው አልቆ ጠፍቷል። ከነርሶቹ ቻርጀር ለምና ካበራችው በኋላም ጠፍቶ የበራ ስልክ አሻራ ስለማይቀበል ባለ ስድስት አሃዙን መክፈቻ ጠየቃት፤ ቁጥሩን የሚያውቀው ሰው ደግሞ ማደንዘዣ ተወግቶ ቀዶ ጥገና ክፍል ውስጥ ነበር። የዚያን ሌሊት ማስያዣውን የከፈለው ከእንቅልፉ የተቀሰቀሰው ወንድሟ ነው።

ፋይሎቹ አልጠፉም፣ የይለፍ ቃሉም ትክክል ነበር። የጎደለው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ የመጨረሻው መክፈቻ ያለው በታመመው ሰው ኪስ ውስጥ መሆኑን አስቀድሜ አላሰብኩም። ስለዚህ ከዚህ በታች የማነጻጽራቸውን መንገዶች የምመዝነው በዚያ ሌሊት ሚዛን ነው፦ ስልኬ ባይኖር፣ እኔም መናገር ባልችል፣ ባለቤቴ የምትፈልገውን ወረቀት በምን ያህል ጊዜ ታገኘዋለች?

ሚዛኑን ከመያዝ በፊት የትኛው ክፉ ቀን እንደታሰበ መለየት ይገባል፤ ምክንያቱም ስለዚህ ጉዳይ ሲነሳ የሁሉም ሐሳብ ወዲያው ወደ ሞት ይሄዳል። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ያዘጋጇቸው አሠራሮችም አብዛኞቹ የተቀረጹት ለሞት ነው። በኑሮ ውስጥ ደጋግሞ የሚያጋጥመው ግን ከዚያ ያነሰ ችግር ነው፤ ለሦስት ቀን ሆስፒታል መተኛት፣ በመንገድ ላይ ስልክ መሰረቅ፣ ኔትወርክ በሌለበት ቦታ ለሥራ መሰንበት። ለሞት የሚሆን መንገድ ወራት ቢፈጅም ይቻላል፤ ለሆስፒታሉ ሌሊት የሚሆነው ግን በደቂቃዎች መከፈት አለበት። አንድ መሣሪያ ሁለቱንም አይሸከምም።

በፖስታ የታሸገ ወረቀት

ስለ ዲጂታል ፋይል እያወሩ በወረቀት መጀመር ያስቅ ይሆናል፤ ሆኖም ከሁሉም መንገዶች በፍጥነት የሚከፈተው ይህ ነው። ባትሪ፣ ኔትወርክ፣ የማረጋገጫ ኮድ አይፈልግም፤ ወረቀቱን የሚያነብ ሰው በቂ ነው። በፖስታው ውስጥ መግባት ያለባቸው ፋይሎቹ ሳይሆኑ መክፈቻዎቹ ናቸው፤ የስልኩ መክፈቻ ቁጥር፣ የሲም ካርዱ ሚስጥር ቁጥር ካለ እርሱና ሲሙ ሲቆለፍ የሚከፍተው የፒዩኬ ቁጥር፣ የዋናው ኢሜይል የይለፍ ቃል፣ የፍላሹ የይለፍ ቃል፣ እንዲሁም ጉግል በአንድ ጊዜ 10 እያደረገ የሚሰጣቸው ባለ ስምንት አሃዝ መጠባበቂያ ኮዶች። እነዚህ ኮዶች እያንዳንዳቸው አንድ ጊዜ ብቻ የሚሠሩ ሲሆኑ፣ የባለቤቱ ስልክ በማይገኝበት ጊዜ በስልኩ ላይ የሚደረገውን ማረጋገጫ ይተካሉ። የእኔን ሌሊት በሁለት ደቂቃ ሊፈታ ይችል የነበረው ይህ ብጣሽ ወረቀት ነው። የሲሙንም ጉዳይ እንደ ቀላል ማየት አይገባም፤ ሚስጥር ቁጥሩ ሦስት ጊዜ ከተሳሳተ ፒዩኬ ይጠይቃል፣ ፒዩኬው ደግሞ አሥር ጊዜ ከተሳሳተ ሲሙ ከነጭራሹ ከአገልግሎት ውጪ ይሆናል።

የወረቀት ድክመቱ የሚታወቅ ነው፤ ያገኘው ሁሉ ያነበዋል፣ ውኃና እሳት ያጠፉታል፣ የይለፍ ቃል በተቀየረ ቁጥር ደግሞ ያረጃል። የመጀመሪያውን ችግር በከፊል የሚያቃልለው ቀላል ዘዴ፣ ፖስታውን አሽጎ በመገጣጠሚያው ላይ ሁለታችሁም መፈረምና ከፊርማው በላይ ግልጽ ፕላስተር መለጠፍ ነው። ከዚያ በኋላ ማንም ቢከፍተው ይታወቃል፤ ሲታወቅም የይለፍ ቃሎቹ በዚያው ቀን ይቀየራሉ። ፖስታውን በባንክ ሳጥን ለማስቀመጥ የሚያስቡ ሰዎች ግን ሳጥኑ በማን ስም እንደተከራየ ያጣሩ። በሟች ስም ብቻ ከሆነ፣ የውርስ ማረጋገጫ እስኪወጣ ድረስ መክፈቻዎቹም እንደተቆለፈባቸው ሊቆዩ ይችላሉ።

አጻጻፉን በተመለከተ በአማርኛ ተጠቃሚ ላይ ብቻ የሚደርስ ወጥመድ አለ። የይለፍ ቃልን በግዕዝ ፊደል ማድረግ ለሌባ ከባድ ይመስላል፤ ለትዳር አጋርም ያንኑ ያህል ይከብዳል። በድንጋጤ ላይ ያለ ሰው «ፀሐይ» በየትኛው «ፀ» በየትኛውስ «ሐ» እንደተጻፈ ሊያስታውስ አይችልም፤ በተዋሰው ኮምፒውተር ላይም የአማርኛ መጻፊያ ላይኖር ይችላል። የአማርኛ ቃልን በላቲን ፊደል መጻፍም ያው ነው፤ ይህንኑ «ፀሐይ» አንዱ በዋይ ሌላው በአይ ይጨርሰዋል። የይለፍ ቃሉ የፈለገውን ያህል ቢረዝም፣ በወረቀቱ ላይ አንድ በአንድ፣ ትልቁና ትንሹ ፊደል ተለይቶ፣ ዜሮው በመሐሉ ተሰርዞ መጻፍ አለበት።

ፍላሽና ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ

ፋይሎቹን ራሳቸውን በእጅ የሚያስጨብጠው መንገድ ይህ ነው፤ ከወረቀቱም ጋር ይጋባል። የአንድ ቤተሰብ አስፈላጊ ሰነዶች በፒዲኤፍ ስካን ተደርገው ሲሰበሰቡ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ጊጋባይት አያልፉም፤ ስለዚህ ትልቅ ፍላሽ መግዛት አያስፈልግም፤ አንዳንዴም ይጎዳል። 2 ቴራባይት ተብለው በርካሽ የሚሸጡ ፍላሾች ዘንድ እውነተኛው መጠን ጥቂት ጊጋባይት ሆኖ፣ ከዚያ በላይ የተቀዳው ፋይል ስሙ እየታየ ይዘቱ የማይከፈትበት ማጭበርበር የተለመደ ነው። ከታወቀ ሻጭ የተገዙ ሁለት ባለ 32 ጊጋባይት ፍላሾች፣ ከአንድ ባለ ትልቅ ቁጥር ፍላሽ ይሻላሉ።

በይለፍ ቃል ያልተቆለፈ ፍላሽ ከጠረጴዛ ላይ ከተተወ የቤት ካርታ አይለይም። ለመቆለፍ ሦስት መንገዶች ይነጻጸራሉ። ዊንዶውስ ይዞት የሚመጣው ቢትሎከር ለመጠቀም ቀላሉ ነው፤ ፍላሹን ሲሰኩት የይለፍ ቃል ይጠይቃል፣ ከረሱት ደግሞ ሲቆለፍ የተሰጠውን የ48 አሃዝ መልሶ ማግኛ ቁጥር ይቀበላል። ይሁን እንጂ አዲስ ፍላሽ ለመቆለፍ የዊንዶውስ ፕሮ እትም ያስፈልገዋል፤ በማክ ኮምፒውተር ላይም በራሱ አይከፈትም። ቬራክሪፕት በነጻ የሚገኝ፣ በዊንዶውስም በማክም በሊኑክስም የሚሠራ ጠንካራ ፕሮግራም ነው፤ ነገር ግን ፍላሹ ሙሉ በሙሉ ከተቆለፈበት፣ ፕሮግራሙ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ባዶ ወይም የተበላሸ መስሎ ይታያል፤ ዊንዶውስም «ፎርማት ላድርገው?» ብሎ ይጠይቃል። በዚያች ሰዓት «አዎ» የምትል አንዲት ጠቅታ ሁሉንም ልታጠፋ ትችላለች። ሦስተኛው ፋይሎቹን 7ዚፕ በሚባል ፕሮግራም አንድ ላይ ጠቅልሎ በይለፍ ቃል መቆለፍ ነው። ፍላሹ እንደማንኛውም ፍላሽ ይከፈታል፣ ውስጡ አንድ የተቆለፈ ፋይልና አንድ «መጀመሪያ ይህን አንብቢ» የሚል ጽሑፍ ይገኛል። ከኮምፒውተር ጋር ብዙ ለማይቀራረብ የትዳር አጋር የምመርጠው ይህን ሦስተኛውን ነው። በቴክኒክ ከሌሎቹ ስለሚበልጥ አይደለም፤ «ፎርማት ላድርገው?» የሚለው ጥያቄ ስለማይመጣበት ነው።

ለዚህ ዓላማ የተለየን ፍላሽ ኮፒ ቤት ይዞ መሄድ አይገባም። ፋይሎችን ሁሉ ወደ ሾርትከት የሚቀይረውን ቫይረስ ያልቀመሰ የአዲስ አበባ ነዋሪ ያለ አይመስለኝም። ማተም ሲያስፈልግ የሚፈለገው አንድ ፋይል ብቻ በሌላ ፍላሽ ተቀድቶ ይወሰድ። በተጨማሪም ፍላሽ ለዓመታት በመሳቢያ ውስጥ ሳይሰካ ሲቆይ ይዘቱ ሊበላሽ ስለሚችል፣ በዓመት አንድ ጊዜ መክፈትና ፋይሎቹን አዲስ አድርጎ መቅዳት ያስፈልጋል። ሁለተኛው ፍላሽ ከቤት ውጪ፣ ለምሳሌ በእህት ወይም በእናት ቤት ይቀመጥ፤ ፖስታውና ፍላሹ በአንድ መሳቢያ ከተኙ ቁልፉን ከነሳጥኑ እንደመስጠት ነው።

ክላውድ ላይ የጋራ ፎልደር

ለእኔ ሌሊት ሁለተኛው መፍትሔ ይህ ነበር፤ የሚያስቆጨኝም እርሱ ነው። ሰነዶቹን በራሴ አካውንት ደብቄ የይለፍ ቃሉን ለባለቤቴ ከማስጻፍ ይልቅ፣ ፎልደሩን በእርሷ አካውንት እንዲታይ ማጋራት እችል ነበር። ያን ጊዜ በራሷ ስልክ፣ በራሷ ኢሜይል፣ ያለ ምንም ኮድ ትከፍተው ነበር። ጉግል ለአንድ አካውንት በነጻ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ለጂሜይል፣ ለድራይቭና ለፎቶ በጋራ የሚውል ቢሆንም ለሰነዶች ይበቃል፤ የአፕሉ አይክላውድ 5 ጊጋባይት፣ ድሮፕቦክስ 2 ጊጋባይት በነጻ ይሰጣሉ።

ልብ የማይባለው ነጥብ የባለቤትነት ጉዳይ ነው። የተጋራ ፋይል የሚኖረው በአጋሪው አካውንት ውስጥ ነው፤ አካውንቱ ሲሰረዝ ፋይሉም አብሮ ይሄዳል። ጉግል ከእ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2023 ጀምሮ ለ2 ዓመት ያልተገባባቸውን የግል አካውንቶች መሰረዝ ጀምሯል፤ ስለዚህ ሟቹ ያጋራው ፎልደር ለጊዜው ይታያል እንጂ ለዘላለም አይቆይም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ የትዳር አጋር ፋይሎቹን ወደ ራሱ ድራይቭ ኮፒ አድርጎ ይያዝ።

በክላውድ ላይ ብቻ መተማመን በአገራችን ሌላ ስጋትም አለው። በ2012 ዓ.ም ሰኔ መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋርጦ ለሦስት ሳምንታት ገደማ ቆይቷል፤ ከጥቅምት 2013 ዓ.ም ጀምሮ ደግሞ በትግራይ ለዓመታት የዘለቀ መቋረጥ ነበር። ለእንዲህ ያለው ጊዜ ሰነዶቹ በትዳር አጋር ስልክ ላይ ያለ ኢንተርኔት እንዲከፈቱ ተደርገው መቀመጥ ይኖርባቸዋል፤ የድራይቭ መተግበሪያ ይህን ለማድረግ ያስችላል።

ብዙ ሰው ክላውድ ሲባል የሚያስበው ግን ድራይቭን ሳይሆን ቴሌግራምን ነው። ፓስፖርቱን፣ ፋይዳውን፣ የትምህርት ማስረጃውን ፎቶ አንሥቶ ለራሱ መልእክት ይልካል፤ ሲፈልገውም በአንዴ ያገኘዋል። ለዕለታዊ አገልግሎት ይህን የሚያህል ምቹ ነገር የለም፤ ለትዳር አጋር ማስቀመጫነት ግን ከዘረዘርኳቸው ሁሉ የከፋው ነው። አካውንቱ የተሠራው በስልክ ቁጥር ላይ ነው፤ ባለቤቱ በማስተካከያው ውስጥ ለወሰነው ያህል ወራት ካልተጠቀመበትም አካውንቱ ከነይዘቱ ራሱን እንዲያጠፋ ተደርጎ የተሠራ ነው። ዋትስአፕም ለ120 ቀናት ያልሠራን አካውንት በአብዛኛው ይሰርዛል። ለራስ ብቻ ከመላክ ይልቅ ለባልና ሚስቱ ብቻ የሆነ የቴሌግራም ቻናል ወይም ግሩፕ ከፍቶ ሁለቱንም አስተዳዳሪ ማድረግ ቢያንስ የመጀመሪያውን ችግር ይቀንሳል፤ ቢሆንም በይለፍ ቃል ያልተቆለፈ የቤት ካርታ እዚያ እንዲቀመጥ አልመክርም።

ጉግልና አፕል ለሞት ያዘጋጇቸው አሠራሮች

ጉግል እ.ኤ.አ. በ2013 ያስጀመረው «ኢንአክቲቭ አካውንት ማኔጀር» የሚባል አሠራር፣ አካውንቱ ለተወሰነ ጊዜ ከተዘነጋ አስቀድመው ለመረጧቸው ሰዎች እንዲያሳውቅና የመረጡትን ይዘት እንዲሰጥ ያደርጋል። የመጠበቂያው ጊዜ 3፣ 6፣ 12 ወይም 18 ወር ሲሆን እስከ 10 ሰው መሰየም ይቻላል። ጊዜው ከመሙላቱ በፊት ለባለቤቱ ማስጠንቀቂያ ይልካል። የተሰየመው ሰው ከተነገረው በኋላ ይዘቱን ለማውረድ 3 ወር ጊዜ አለው። ከሁሉ አጭሩ ምርጫ 3 ወር መሆኑን ልብ ይሏል፤ ማለትም የመጀመሪያው ኢሜይል ለሚስት የሚደርሳት አርባውም ሰማንያውም ካለፈ በኋላ ነው። ለሆስፒታሉ ሌሊት ዋጋ የለውም፤ ለዓመታት ፎቶዎችና ደብዳቤዎች ግን ነጻና ጥሩ መንገድ ነው፤ የሞት ምስክር ወረቀትም አይጠይቅም።

አፕል ከአይኦኤስ 15.2 ጋር በእ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2021 ያመጣው «ሌጋሲ ኮንታክት» የሚባል አሠራር በተቃራኒው ወረቀት ይጠይቃል። እስከ 5 ሰው መሰየም ይቻላል፤ ለእያንዳንዱ የመግቢያ ቁልፍ ይዘጋጃል፤ ከባለቤቱ ሞት በኋላ ይህ ቁልፍና የሞት ምስክር ወረቀቱ ቀርበው ሲጸድቅ ለ3 ዓመት ያህል መግባት ይፈቀዳል። የመግቢያው ቁልፍ ታትሞ በዚያው በታሸገው ፖስታ ውስጥ ቢቀመጥ ይመረጣል፤ በባለቤቱ ስልክ ብቻ የተቀመጠ ቁልፍ ያው የእኔን ታሪክ ይደግማል። ብዙዎች የማያውቁት ደግሞ በአይፎኑ ውስጥ የተቀመጡት የይለፍ ቃሎች በዚህ መንገድ የማይተላለፉ መሆናቸውን ነው፤ ፎቶው፣ ኖቱ፣ ፋይሉ ይገኛል፤ የሌሎች አካውንቶች መክፈቻ ግን አይገኝም። የአይፎን ተጠቃሚዎች ይህን ተመሳሳይ ስም ካለውና «ሪከቨሪ ኮንታክት» ከሚባለው ሌላ አሠራር ጋር ማምታታትም የለባቸውም፤ አካውንቱ ሲቆለፍ ባለቤቱን ራሱን ኮድ በመስጠት የሚረዳው ሰው ሌላ ነው፤ እርሱ ይዘቱን የማየት መብት የለውም።

የይለፍ ቃል ማኅደሮች

የይለፍ ቃል ማኅደር ሁሉንም የይለፍ ቃሎች በአንድ ዋና የይለፍ ቃል ቆልፎ የሚይዝ ፕሮግራም ነው። ቢትዋርደን የሚባለው በክፍያ እትሙ ውስጥ ለድንገተኛ ጊዜ የሚሆን መግቢያ አለው፤ በንጽጽሬ ውስጥ በአሳቡ ከሁሉም የበሰለ ሆኖ ያገኘሁት ይህን ነው። የትዳር አጋር በነጻ አካውንት ይሰየማል፤ ችግር ሲመጣ «ልግባ» ብሎ ይጠይቃል፤ ባለቤቱ በወሰነው ከ1 እስከ 90 ቀን ውስጥ ካልከለከለ በሩ ይከፈታል። ሰውየው ጤነኛ ከሆነ ጥያቄው በኢሜይል ስለሚደርሰው ይከለክላል፤ ታሞ ከተኛ ዝም ይላል፣ ዝምታውም ፈቃድ ይሆናል። ሁሉን ነገር ዛሬ ለትዳር አጋር መክፈት የማይፈልጉ፣ የሥራ ሚስጥር የሚይዙ ሰዎች ከዚህ የተሻለ አያገኙም። ችግሩ ያለው በአከፋፈሉ ነው፤ ክፍያው በውጭ ምንዛሪ በመሆኑ በብር ብቻ ለሚኖር ሰው በየዓመቱ ማደስ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው።

ኪፓስ የሚባለው ሌላ ማኅደር ነጻ ነው፣ ኢንተርኔት አይፈልግም፣ ሁሉም የይለፍ ቃል በአንድ በተቆለፈ ፋይል ውስጥ ይኖራል፤ ያንን ፋይል በፍላሹ ላይ ማድረግ ይቻላል። የመጠበቂያ ቀን የሚባል ነገር የለውም፤ ዋናውን የይለፍ ቃል የያዘ ሰው ሁሉን ያገኛል። እኛ ቤት የሚሠራው ይህ ነው። ማኅደር ሁሉ ግን በዋናው የይለፍ ቃል ጥንካሬ እንደሚታመን መርሳት አይገባም፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ላስትፓስ ከሚባለው ማኅደር የደንበኞች የተመሰጠሩ ማኅደሮች ቅጂ ተሰርቆ ነበር፤ ደካማ ዋና የይለፍ ቃል የነበራቸው ሰዎች ስጋት ላይ የወደቁትም በዚሁ ምክንያት ነው።

መክፈት መቻልና መብት ሁለት ናቸው

የባልን የቴሌብር ሚስጥር ቁጥር ማወቅ ገንዘቡን የራስ አያደርግም። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ያለ ኑዛዜ በሚተላለፍ ውርስ የትዳር ጓደኛን ከወራሾች ተርታ አላስቀመጠም፤ የትዳር ጓደኛ የሚያገኘው በዋናነት የጋራ ንብረቱን ግማሽ በቤተሰብ ሕጉ መሠረት ነው። ስለዚህ ከሁሉም ፋይሎች በላይ ለትዳር አጋር የሚጠቅሙት የጋብቻ ምስክር ወረቀቱና ንብረቱ በትዳር ውስጥ የተፈራ መሆኑን የሚያሳዩ ውሎች ናቸው፤ በፎልደሩ ውስጥ ከላይ መቀመጥ ያለባቸውም እነርሱ ናቸው። ከሞት በኋላ በሟቹ ሚስጥር ቁጥር ገብቶ ገንዘብ ማዛወር ከልጆችና ከሌሎች ወራሾች ጋር የሚያካስስ ጉዳይ ሊሆን ይችላል።

ውክልና ሰጥቻታለሁ ብሎ የሚተማመንም ሰው አለ። ውክልና ወካዩ ሲሞት ይቋረጣል። ኑዛዜን በኮምፒውተር ጽፎ ፍላሽ ላይ ማስቀመጥም ኑዛዜ አያሰኘውም፤ ተናዛዡ በእጁ የሚጽፈው ኑዛዜ በሙሉ በራሱ እጅ መጻፍ አለበት፣ በምስክሮች ፊት የሚደረገውም የራሱ ሥርዓት አለው። ስካኑ የሚጠቅመው ዋናው የት እንዳለ ለማመልከትና ከጠፋ ቁጥሩን ይዞ ምትክ ለመጠየቅ ነው።

በተለያየ አገር ለሚኖሩ ባለትዳሮች

አንዱ አዲስ አበባ፣ ሌላው ሪያድ ወይም ዋሽንግተን ሲሆን ሚዛኑ ይገለበጣል። የታሸገው ፖስታ ከሚያስፈልገው ሰው በአውሮፕላን መንገድ ይርቃል፤ ፍላሹም እንዲሁ። በባሕረ ሰላጤው አገራት በቤት ሠራተኝነት ያለች ሚስት ፓስፖርቷ በአሠሪዋ እጅ ሊሆን ይችላል፤ ስልኳም ሊወሰድ ይችላል። የፓስፖርቷ፣ የሥራ ውሏና የቪዛዋ ስካን ባሏ በሚከፍተው የጋራ ፎልደር ውስጥ ካለ፣ ኤምባሲ ወይም ቤተሰብ ሲጠየቅ የሚሰጥ ነገር ይኖራል። ስለዚህ ለእነርሱ የጋራው ፎልደር ቀዳሚው ነው፤ የመጠባበቂያ ኮዶቹም በሁለቱም እጅ ይኑሩ።

አሜሪካ ለሚኖሩ አንድ የሕግ ነጥብ ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2015 የተዘጋጀውና አብዛኞቹ ግዛቶች የተቀበሉት የዲጂታል ንብረት ሕግ፣ ሟቹ በኩባንያው በራሱ መሣሪያ፣ ለምሳሌ በጉግሉ አሠራር፣ የሰጠው ምርጫ በኑዛዜው ከጻፈው የሚቀድም መሆኑን ይደነግጋል። ከዓመታት በፊት እህትን ሰይሞ ከዚያ ያገባ ሰው ዛሬውኑ ገብቶ ያስተካክል።

እኛ የመረጥነው

ከሆስፒታል ከወጣሁ በኋላ የያዝነው ጥምረት ይህ ነው፦ የታሸገ ፖስታ በቁም ሣጥኑ፣ በ7ዚፕ የተቆለፉ ፋይሎችና የኪፓሱ ፋይል ያሉበት ፍላሽ በእህቷ ቤት፣ የኢንሹራንስና የመታወቂያ ስካኖች በሁለታችን ድራይቭ፣ የጉግሉ አሠራር ደግሞ በ6 ወር ተሞልቷል። የእርሷም ስልክ በእኔ አካውንት ላይ ሁለተኛ የማረጋገጫ ቁጥር ሆኗል። ሁለታችንም በአንድ መኪና ብንሆን ለሚለው ጥያቄ ደግሞ የእህቷ ባል ፖስታው የት እንዳለ ያውቃል፤ በውስጡ ያለውን ግን አያውቅም።

ከዚያ ሙከራ አደረግን። ስልኬን አጥፍቼ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩና አንድ ቃል ላልናገር ቃል ገብቼ ከጎኗ ተቀመጥኩ፤ እርሷም የቤቱን ካርታ ፍለጋ ፖስታውን ከፈተች። በመጀመሪያው ሙከራ በጽሑፌ ውስጥ ትንሹን የላቲን «ኤል» እና «1» መለየት አቅቷት 20 ደቂቃ ፈጀባት። ሁለተኛውን ያደረግነው በእህቷ ቤት ኮምፒውተር ላይ ነበር፤ ፍላሹ ተከፈተ፣ የተቆለፈው ፋይል ግን 7ዚፕ ስላልተጫነበት ዝም አለ፤ ኢንተርኔቱም በዚያች ሰዓት አልነበረም። በዚያው ቀን የፕሮግራሙን መጫኛ ፍላሹ ላይ ከፋይሉ ጎን አስቀመጥነው። ሦስተኛውን ሙከራ ሳደርግ ሰዓት ይዤ ነበር፤ አራት ደቂቃ ከግማሽ ፈጀባት፤ ካርታውን ከከፈተች በኋላም ፖስታውን አሽጋ ፊርማዋን ካኖረች በኋላ እስክሪብቶውን ወደ እኔ ዘረጋችው።